ቤት ሲፈታ

ገዢው ጠዋት መጣ፣ ጠመኔ በኪሱ፣
ሜትር በወገቡ፣ ቆብ ደፍቶ በራሱ።
ደፉ ላይ ዝቅ ብሎ ጫማውን አውልቆ
«ይቅርታ» አለ፣ ገባ፣ ባዶነቱን አውቆ።
ራስሙስ ይባላል፤ ሠላሳ ቢሞላው ነው፤
ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ቱርኩ አጠገብ ባዶ መሬት አላቸው።
ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ነው ቤታችን፣
ከሐይቃችን ዳርቻ፣ ከካይኑ ጥዳችን።

ወንድሜ ኦንኒ በስልክ፦ «አንቺው ጨርሺልኝ፤
እኔ ቆሜ አላየውም፤ ድርሻዬን ላኪልኝ።
ጣራው ያፈስ የለም? ክረምቱን ማን ያድራል?
ቆሞ ከሚበሰብስ ሄዶ ቢኖር ይሻላል።»
ልክ ነው።
ልክ መሆን ግን ክፍል አያሞቅም።

አባቴ ታውኖ ንግግር አያበዛም፤
መጽሐፍ አይወድም፣ ተሳስቶም አልገዛም።
ማእዘኑን ግን፣ ግንድ ግንዱን የነከሰበትን፣
በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ አንገቱን አዝምሞ፣
«ግጥም ማለት ይሄ ነው» ይል ነበር፤ «ቢላ አያስገባ፤
ምስማር ሳያውቅ የኖረ፣ እርስ በርስ ተሸካክሞ።»

ራስሙስ ይጽፋል። ጠመኔው ሲጢጥ ይላል።
ሰሜን አንድ፣ ሰሜን ሁለት፣ ሰሜን ሦስት ይላል።
ምሥራቅ ሦስት፦ እናቴ የታመመችበት አልጋ ራስጌ።
ምሥራቅ ስድስት፦ መስኮቱ፤ ውርጩን በትንፋሼ
ቀድጄ አባቴን የጠበቅሁበት።
ምዕራብ ሁለት በስብሷል። «ይሄን እቀይረዋለሁ» አለ።
ይቀየር። እኔም ጉልበቴን አስቀይሬያለሁ።
ደቡብ አምስት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።
በቢላ የተጫሩ መስመሮች፣ ከነዓመታቸው፦
የኦንኒ፣ የኔ፣ የታናሻችን የሂልካ።
የሂልካ ስምንተኛው ላይ ያበቃል።
«ከዚያስ?» አለ።
በመስኮቱ ሐይቁን አየሁ። እሱም አየ።
ቁጥሩን ከጭረቱ ራቅ አድርጎ ጻፈ።

ማክሰኞ ጣራው ወረደ።
ረቡዕ በእንጨት መዶሻ ቤት ይመቱ ጀመር፤
ቤት በተመታ ቁጥር ግጥሙ ይላቀቅ ነበር።
ከየስንጥቁ የረገፈው የድንጋይ ሽበት
ትከሻችንን አለበሰው፤ ሸበትን በቅጽበት።

«ነይ እይው!»
በክሬኑ ገመድ አንድ ግንድ ተንጠልጥሏል፤
ብርሃን ያላየው ጎኑ ወደኔ ዞሯል።
በመጥረቢያ ጫፍ የተቆረጠ ምልክት፦
ሦስት ጭረት፣ አንድ መስቀል።
ቀጣዩ አራት ጭረት፣ አንድ መስቀል። ቀጣዩ አምስት።
የኛ ጠመኔ ከጎኑ የሕፃን ጽሑፍ ይመስላል።
«ይሄ ቤት» አለ ራስሙስ፣ «ተፈትቶ ያውቃል።»

«ቅድመ አያታችሁ ከዚህ ጫካ ቆርጦ አቆመው»
እየተባልን ነው ያደግነው፣ በየልደቱ፣ በየለቅሶው።
ከማን ገዝቶት ኖሯል? በስንት ከረጢት ገብስ?
የሸጠችው ማን ናት? እሷም እንደኔ ቆማ፣
እጇን ብብቷ ከታ፣ ፈረስ በሐይቁ በረዶ ላይ
ግድግዳዋን ሲጎትት አይታ ይሆን፣ ዝም ብላ?
ማን ያውቃል።
መቶ ዓመት ሙሉ «የኛ» ስንለው፣
ለካ እንግዳው እሱ ነው፤ እኛ አሳዳሪዎቹ ነን፣
ሲነሣ ስንቁን ቋጥረን የምንሸኘው።

መኪናው ሊነሣ ሲል ራስሙስን እንዲህ አልኩት፦
«ደቡብ አምስትን ስታቆም ጭረቱ ወደ ውስጥ ይሁን።
ቀለም አትቀባው።
ልጅህ በእግሩ ሲቆም እዚያው አስጠግተህ ጫርለት፤
ከስምንት በላይ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።»

ሄዱ።
ምድጃው አልተሸጠም። በሜዳው መሃል
ጭስ ማውጫውን እንደ አንገት ቀና አድርጎ ቀርቷል፤
ዙሪያውን አራት የማእዘን ድንጋይ፣
ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጥቁር አፈር።
ኦንኒ ደወለ። «አለቀ?»
መዳፌን አየሁት፤ ጠመኔ ነክቶታል።
«አላለቀም» አልኩት። «ተጫነ።»