የሬሚሂዮ አፍንጫ

በዚያ አገር ሰው ወሬው ከመሥመር ሲወጣ፣
“በኡቤዳ ኮረብታ ጠፍቶ ነው የመጣ”
ብለው ይስቁበታል።
እኔም ዓምድ ልቈጥር ከቤቴ ወጥቼ፣
ይኸው ተመለስሁ አንድ አፍንጫ አይቼ።

ታኅሣሥ ነው፤ ማለዳ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።
ከተማው ባዶ ነው፤ ሰዉ ቆላ ወረደ፣
ወይራውን ሊያራግፍ።
ከግንቡ ሥር ጀምሮ ዓይን እስከሚደክመው
ወይራ ነው፣ ወይራ ነው፣ በሰልፍ የቆመው፣
ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ተማሪ።
የበትሩ ድምፅ ብቻ፣ ቷ... ቷ... ከሩቁ፣
መረብ ላይ ሲዘንቡ፣ ፍሬዎች ሲወድቁ።

አደባባዩ መሀል ብቻዬን ቆምሁኝ።
ቅስቱ ልክ፣ ዓምዱ ልክ፣ መስኮቱ ልክ ሆኖ፣
አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ በቱንቢ ተመዝኖ፤
ከዚያ ሁሉ መሀል ልክ ያልነበረው
የኔ ጫማ ነበር፣ ስራመድ የሚጮኸው።

ካርታዬ “እዚህ ግባ” ያለኝ ቤተ መንግሥት
በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፦
“ቁልፉ ሌኦካድያ ጋ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣
አረንጓዴ ማሰሮ ደጁ የተሰቀለበት።”
አንኳኳሁ።
ወጣች፤ እጇ እስከ ክንዷ በጨው ውኃ ርሷል፣
ወይራ ስትዘፈዝፍ ነው የደረስሁባት።
ቁልፉን ከምስማሩ እንደ ጭልፋ አንሥታ፣
ቀደመችኝ፣ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ።

በሩን ግን አልከፈተችም።
“ውስጡማ ምን አለው? የማዘጋጃ ወንበር፣
የግብር ደረሰኝ፣ የማይዘጋ በር።
የሚታየው ውጭ ነው” አለችኝና
እጅጌዬን ይዛ አንጋጠጠች ቀና።

ከበሩ አናት ጌትዮው እንደ ጉርድ ፎቶ ወጥቷል፣
ጋሻው ላይ ፊደሉን ዝናቡ አጥቦታል።
“ማን ነበር ባለቤቱ?”
“እኔ ምን አውቄ! አፍንጫውን ይላስ።”
ቀና ብዬ አየሁት፦
ምስኪን፣ ይላስ ቢባል አፍንጫ የለው።

ከሱ ግራና ቀኝ ሁለት የድንጋይ ሰዎች
ሰገነቱን ሙሉ ተሸክመው ቆመዋል።
የግራውን ፊቱን ውርጭ በልቶት ነበር፤
ወንድሟ ኤውሎሂዮ ጠራቢ ነውና
መሐንዲስ ከጃኤን መጣና አዘዘው፦
“እንደ ጥንቱ አድርገህ ፊቱን መልስለት።”
ጥንቱን ማን አይቶት?
ሦስት ቀን መሰላል ላይ መሮውን ጨብጦ
ሳይመታ ዋለ፣ ከድንጋዩ ጋር ተፋጦ።
በአራተኛው ቀን የአባቱን አፍንጫ ጠረበለት።

ሬሚሂዮ፣ ስድሳ ታኅሣሥ ወይራ ያራገፈ፣
በቅሎ ረግጣው አፍንጫው ወደ ቀኝ የታጠፈ፣
ከሰው ማሳ በቀር ርስት ያልነበረው፣
በልጁ መሮ ነው እዚያ ላይ የወጣው።
“እዚያም ተሸካሚ!” አለች እየሣቀች፣
ከዚያ ሣቋን ዋጠች።
መሐንዲሱ መጥቶ ለካው፤ ደጋግሞ አየው፤
“ንጹሕ የጥንት እጅ!” ብሎ ፈረመለት።

ወደ ማታ ትራክተሮች መረብ ጭነው ሲመለሱ፣
ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ የለበሱ
ሰዎች በአደባባዩ ሲያልፉ፣
አንድ ሽማግሌ ቆቡን አነሣና
“ሬሚሂዮ፣ ዘንድሮ ዘይቱ ደህና ነው” አለ፤
ወደ ጌትዮው ግን ዞር ብሎም አላየ።
ፀሐይ ዘቅዝቃ ግድግዳውን ስትነካው
ድንጋዩ ወርቅ ሆነ።
ሰም ያጣ አይምሰልህ፤ ስም ያጣ ወርቅ ነው።

እኔስ? ውስጡን ሳላይ ጊዜዬ አለቀ።
ስትሸኘኝ በብልቃጥ ዘይት ሰጥታኝ ነበር፤
ክዳኑ ላላና አውቶቡስ ውስጥ ፈሰሰ፣
ካርታዬም ራሰ።
ወረቀት ዘይት ሲጠጣ እንደ መስኮት ነውና፣
ከፊት በተሳሉት ቤተ መንግሥቶች ላይ
ከጀርባው የነበረው የወይራ ኮረብታ
ሰርጎ ወጣባቸው።
ጣቴ መንገድ ጠፋው።