ተጠየቅ፣ ኢንስፔክተር

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤
ቂርያት ጋት ላይ ሙቀት፣ ኬንት ላይ ዝናብ።
አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍቱ ከቆመ ወር፤
ፋይና ሶፋው ላይ፣ እኔ ከመስኮቱ ሥር።
ከታች ዕብራይስጥ ጽሑፍ፣ ከላይ የእንግሊዝ ወሬ፣
እሷ እንደ ኦዴሳ ሰው፣ እኔ እንደ ጎንደሬ፣
አንድ ሬሳ ይዘን ለሁለት ስንመትር፣
እሷ «ባልየው» ስትል፣ እኔ «ያ ዶክተር»።
መሀላችን ዕብራይስጥ፣ እንደ ሊፍቱ ሰባራ፤
እንግዲህ በዚያ ነው የምንመረምር በጋራ።

ያባቴ አገር ልማድ አይለቀኝምና
የጥበቃ ጃኬቴን አደገደግሁና
ሪሞቱን እንደ ዘንግ ወደ ላይ አነሣሁ፤
«በላ ልበልሃ!» ስል ፋይናን አስነሣሁ።

ተጠየቅ፣ ኢንስፔክተር፣ የሃስኬት ልጅ ሃስኬት!
ስምህ እዚህ ደርሷል ከነዝናቡ ኬንት።
መጀመሪያ ምስጋና፤ ለእውነት ልመስክር፣
ተከሳሽም ቢሆን ሙያው ነው 'ሚከበር።
ትዕግሥትህ ትዕግሥት ነው። ጠይቀህ ስትጨርስ
ዝም ትላለህ፣ ዝም፣ ዝናቡ እስኪመለስ፤
የተጠየቀው ሰው ዝምታህ ሲከብደው
ያልተጠየቀውን ራሱ ዘረገፈው።
አባቴም እንዲሁ ነው፤ አውጫጭኝ ሲጣል
ነገር አይቸኩልም፣ ሣር እየነጨ ያያል።
ደግሞ ያቺን ጫማ፣ የሟቿን፣ ግራውን፣
በጣትህ ደግፈህ ስታይ ተረከዙን፣
«ብዙ ቆማ ውላለች፤ ሥራዋ ምን ነበር?»
ብለህ ስትጠይቅ ወደድኩህ ከምር።
ፋይናም እግሯን አየች፤ ሃያ ዓመት ቆማ
ያጠበችው ጠርሙስ፣ የጠበባት ጫማ።

ምስጋናው አበቃ።
አሁን እከስሃለሁ።

መንደርህ ጠባብ ነው፤ በየማክሰኞው ሰው ይሞታል፤
እንግዲህ ፖስተኛው ደብዳቤ ለማን ያድላል?
ገዳይህን ደግሞ ፋይና ቀድማ አወቀች፤
«ስሙ የታወቀው ተዋናይ ነው» አለች፤
«ለትንሽ ሚና ማን ያን ሁሉ ይከፍላል?»
ምን ላድርግ፣ ብዙ ጊዜ ይሠምርላታል።
በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሁለት ቃል ተናግሮ ጠፋ፤
ሌሊቱን ሙሉ ያየ ሰው! ብትጠይቀው ምን ከፋ?
እኔም ዘበኛ ነኝ፤ ማን መቼ እንደገባ አውቃለሁ፤
በትምህርት ቤቱ አጥር ድመት ስትወልድ ቆጥሬያለሁ።
ማታ ውስኪ ይዘህ ጨለማ ስታፈጥ፣
ብቸኛ ሰው ሁሉ ጥልቅ ነው ስትል በምስጥ፣
ማን አሳሳተህ? እኔም ብቻዬን ነኝ፤
ጥልቀት አልጨመረም፤ ሳህን አሳጠበኝ።

ትልቁ ክሴ ግን (ፋይና፣ ድምፁን ቀንሺው)
ሟቹን ማን አለቀሰው?
ድንኳን አልተከሉም፤ መሬት ማን ተቀምጦ?
ጎረቤት ማን ገባ የድስት ክዳን ገልጦ?

ባለፈው ሰኔ ወር እዚህ ፎቅ ላይ ተሰረቀ
የፋይና የገበያ ጋሪ፣ አንድ ጎማው ያለቀ።
እኔም እንደ አንተ ሆኜ ደረጃውን አየሁ፣
የጎማውን ጭረት ተከትዬ ወረድሁ።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ግራ በር። ዝም አልኩ፤ ሻይ ቀረበ፤
የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ናኦር፣ ዐይኑ ረጠበ።
ባዶ ጠርሙስ ለቅሞ ሊሸጥበት ኖሯል፤
እናቱ ሥራ ፈትታ ሁለት ወር አልፏል።

አንተ ብትሆን እዚህ ጋ ሙዚቃው ይጀምራል፣
ካቴናው ቀጭ ይላል፣ የስም ዝርዝር ያልፋል።
እኛ ግን ገና ነበርን።
ፋይናና እናትየው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤
እኔ ዋስ ጠራሁ፣ ለጋሪው ለጎማው ለሁሉ።
ልጁ ጎማ ቀየረ፤ ዓርብ ዓርብ አስቤዛ ይጎትታል፤
ጠርሙሱም የሱ ነው፤ ጋሪው ሁለቱን ይችላል።
ክሴ ይኸው ነው፦ በደለኛው ሲገኝ ታቆማለህ፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማን ትተዋለህ?

ኢንስፔክተሩ አልመለሰም። ባርኔጣውን አራገፈ፣
ዝናቡን አየና በጎኔ በኩል አለፈ።
«ተቀመጥ አንተ ሰው!» አለች ፋይና፤ «ገዳዩን ጋረድከው!»
ተቀመጥሁ። ባልየው ነው።

ጉዳዩ ለማክሰኞ፣ ለሦስት ሰዓት፣ ተቀጠረ፤
ሊፍቱን ማን እንደሰበረው ግን እስካሁን አልተመረመረ።