ሃያ አራተኛው ካርቶን

ጦይባዬ፣
እዚህ ሙሐረቅ፣ ባሕሩ ከመስኮት በሚታይበት ቤት፣
እንዳንቺው ያለች ልጅ አለች፤ ሸይኻ ይሏታል፣ የዘጠኝ ዓመት።
እንዳንቺው አንገቷ አይጸናም፣ እንዳንቺው ለሃጯ ይወርዳል፣
እንዳንቺው ስትስቅ መላ አካሏ ይስቃል።
ግን ጋሪዋ ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰሌዳ አላት፤
ስትነካው ይናገርላታል፣ እንደ ዜና አንባቢ ሴት።

የገባሁ ቀን ማንኪያውን ወደ አፏ ሰደድኩ፣
አንቺን ሳጎርስ በለመድኩት እጄ ቸኮልኩ።
ሰሌዳው ጮኸ፦ «ላ!»
ላ ማለት እንቢ ነው በነሱ፤
እናቷም አባቷም ከወንበር ተነሡ፣
እኔም ቆምኩ፣ ሩዙ እጄ ላይ ቀዘቀዘ፣
በአንዲት ፊደል ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

እኔ ምላስ ያለኝ፣ ጤነኛዋ፣ ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር፣
ቃሌ አንድ ነው፦ ሲጠሩኝ «ሐዲር»፣ ሲቆጡኝ «ሐዲር»፣
የዓርብ እረፍቴ ሲቀርም «ሐዲር»።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ አንቺን አንቺን እያሰብኩ፤
አስራ ስድስት ዓመት አጎረስኩሽ፣ «በቃሽ?» ብዬ ሳልጠይቅ ኖርኩ።
ሐኪሙም፣ ደሴ የወሰድንሽ ለት፣ ሆድሽን በጁ ዳሶ፣
«የቱ ጋ ነው የሚያማት?» አለ፣ ወደ እማ ፊቱን መልሶ።

የሸይኻን ሰሌዳ፣ ደሞዜን ሁለት ዓመት ብጦም አልገዛ፤
ቢገዛም አማርኛ አይችል፤ የባቲ መብራትማ ዋዛ ፈዛዛ።
የተምር ካርቶን ሰበሰብኩ፣ በኩሽና መቀስ ቆረጥኩ፣
ሁሉ ሲተኛ፣ በሸይኻ ቀለም፣ እንዳቅሚቲ ሣልኩ፦
ውሃ። ፀሐይ። የሚያም ሆድ። ፍየል (ውሻ ትመስላለች፣ ይቅር በይኝ)።
እማ። ሬዲዮ። ወደ ውጪ የሚያወጣ በር። «አገላብጡኝ።»

በነጋታው ለሸይኻ አንድ በአንድ አሳየኋት።
ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ነካች፦ «ላ።»
«ፍየሏ ናት?» «ላ።» «ቀለሙ?» «ላ።» «ታዲያ ምኑ?»
«ላ። ላ። ላ።»
ሲገባኝ መቀሱ ከእጄ ወደቀ።
ሃያ ሦስት ካርቶን ስቆርጥ እንቢን ረስቼዋለሁ።
ሐዲር ሲል የኖረ እጅ እንቢን ከየት ያመጣል?

ሃያ አራተኛውን በቀይ ሣልኩ፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ ትልቅ፤
ዘምዘም ለረፍት ስትገባ ሰጠኋት፣ ከሽቶዋ ጋር ወሎ እንዲዘልቅ።

ትናንት እማ ደወለች፣ በቁጣ፦
«ምን ላክሽብኝ አንቺ ልጅ? ወተት ባቀረብኩ ቁጥር
ያንን ቀይ እጅ ትመታብኛለች።
ዕድሜዋን ሙሉ የጠጣችው ወተት! ይኸው ሦስት ቀኗ።»
ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ሳቄ ሳሎን እንዳይሰማ፤
ስቄ ስቄ፣ መጨረሻው ሳቅ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ልስጣት?» አለች እማ፣ ድምጿ ወርዶ።
«እኔ ከባሕር ማዶ በምን አውቄ?
ካርቶኑን ዘርጊና እሷኑ ጠይቂያት።»

ዝም አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።
ካርቶን መሬት ላይ ሲደረደር ይሰማኛል።
ከሳሎን ስሜን ጠሩ።
«ቆይ» አልኩ፣ በአማርኛ፣
ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣
የቱን እንደምትነኪ እየጠበቅኩ።