አርባ ሰከንድ

ከጦሳ ሥር፣ ደሴ፣ ከዞኑ ጤና መምሪያ ምድር ቤት፣
በሯ የማይገጥም፣ ማራገቢያዋ የሚያቃስት ክፍል ናት፤
እዚያ ውስጥ አንድ ራውተር፣ አሥራ ሁለት ክረምት ያየ፣
ከመቶው ዘጠና ስምንት ጉልበቱ ተበልቶ ታየ።

ግዥ ክፍል ሄድኩ። ወይዘሮ ዘይነባ፣ መነጽራቸውን ሰቅለው፣
«አዲስ? በጀቱ ሰኔ ላይ ሞቷል፤ ያለህን አባብለው።»

ላባብለው ተቀመጥኩ።

መዝገቡን ገልጬ ባየው፣ የደከመው በሥራ አይደለም፣
ሰላም በማለት ነው እንጂ፤ ሰላም፣ ደግሞ ሰላም፣ ሰላም።
ከእኔ በፊት የነበረው ችኩል ልጅ፣ ሥራ ለቆ የሄደው፣
በየሰከንዱ «አለህ ወይ?» እንዲባባሉ ነው ያዘዘው፤
ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ወረኢሉን፣ ሃያ ስድስቱን ጣቢያ ሁሉ፣
አለህ? አለሁ። አለሽ? አለሁ። ሲሉ ያድራሉ፣ ሲሉ ይውላሉ።
የወሎ ሰው ነኝ፤ ሰላምታ ረዘመብኝ አልልም፣
ከብቱንና ዝናቡን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው አልወድም፤
ግን በየሰከንዱ ከሆነ፣ ማሽላው መቼ ይታረማል?

ደግሞ አለ በሽሎ። ገደሉ፣ ጭጋጉ፣ የወገል ጤና መስመር፣
ንፋስ ባስነጠሰ ቁጥር የሚወድቅ፣ የሚነሣ ነገር፤
አንዲት መንገድ በጠፋች ቁጥር ሁሉም የያዘውን ጥሎ
የአገሩን ካርታ ከሥር ይሥላል፣ የትናንቱን አቃጥሎ፤
ሥሎ ሳይጨርስ መስመሩ ተነሣ። እንደገና ይሥላል።
በአንድ ሌሊት አራት መቶ ጊዜ። ብረትም ይሰለቻል።

ሰላምታውን ከአንድ ሰከንድ ወደ አሥር አራዘምኩት።
ወሬ በሰማህ ቅጽበት አትነሣ፣ አምስት ቁጠር አልኩት።
ከበሽሎ ማዶ ያሉትን፣ መንደር ከመንደር ሳልለይ፣
«ደላንታ» በምትል አንዲት ቃል ጠቀለልኳቸው ላይ በላይ።
ወረኢሉ መውጫዋ አንድ ነው፤ የዓለምን መንገድ ምን ልታደርገው?
«የማታውቂውን ወደ ደሴ ላኪ» አልኳት፤ ይኸው ነው።
ደግሞ ወደ አታሚው በር፣ ወደ ባዶው የካሜራ ክፍል፣
ማንም ለማይመልስልህ ምን ያስለፈልፍሃል? ዝም በል።

ዘሀራ ከወገል ጤና ደወለች፤ «መስመሩ ምን ሆነ? ጸጥ አለ።»
«ጸጥታው ነው ሥራው» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ገደሉ ላይ ዋለለ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቁጥሩ ወረደ፤ ስልሳ፣ አርባ፣ አሥራ አንድ።
ውጭ የዘበኛው የጋሽ አራጋው እሳት ይሰማል፣ ቀስ ብሎ ሲነድ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ።
ድሮ፣ በየሰከንዱ ሲጠራሩ፣ የሞተው በአራት ይታወቅ ነበር፤
አሁን አርባ ሰከንድ ነው። አርባ ሙሉ፣ የሌለውን እንዳለ መቁጠር፤
የሕፃን የደም ውጤት፣ የመድኃኒት ጥያቄ፣ የወላዶች ስም ዝርዝር
እየተላከ፣ እየተላከ፣ በሽሎ ገደል ሲበተን፣ ሲቀር።

አጎቴ ሙሄ ተንታ ሲያርፍ፣ መንገዱ ተቆርጦ በጎርፍ፣
በአምስተኛው ቀን ሰማሁ፣ ከአንድ የአይሱዙ ሾፌር አፍ።
አራት ቀን በእኔ ሰንጠረዥ እንዳለ፣ እንደሚተነፍስ ነበር፤
በሦስተኛው ቀን ለኢድ ጫማ ገዛሁለት፣ ቡናማ፣ ከሸዋ በር።
አርባ አንድ ቁጥር። ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር አለ፤
እግሬ አርባ ሦስት ነው።

ስልኩን አነሣሁ። «ዘሀራ፣ አልተኛሽም? ያንቺን ሦስት አድርጊው፤
እኔም ሦስት። ሰላምታ እኩል ካልሆነ ጉርብትናን ይንደዋል፣ እወቂው።»
«ሌሎቹስ?»
«ለሌሎቹ አሥር ይበቃል።»
ጥቂት ዝም አለች። የቁልፍ ሰሌዳዋ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል።

ቁጥሩ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ አራት ከፍ አለ።
አየሁት። ተውኩት።
በሩን፣ እንደማይገጥም እያወቅኩ፣ በትከሻዬ ገፋሁት።