የማይሙ አውራ ጣት

በምድር ቤቱ ጥግ፣ በታርቱ ከተማ፣
የቧንቧ ማቃሰት ብቻ እየተሰማ፣
ማይሙ ትገልጣለች የድሮ ችሎት መዝገብ፣
የካሜራውን ዐይን ገጽ በገጽ ልትመግብ።

ፎቁ ላይ መደርደሪያው ተነቃቅሎ አልቋል፣
መጽሐፉ ከከተማ ውጭ መጋዘን ወድቋል፤
በቦታው ሶፋ አለ፣ የስልክ መሙያ ሶኬት፣
የተኛ ተማሪ አለ፣ ፊቱን ሸፍኖ በጃኬት።
ድሮ አንባቢዋን በሳሉ ትለየው ነበር፣
አሁን የሚነገራት ቁጥሩ ነው፣ በየወር።

ሂዩማ ደሴት ላይ፣ ዳሌው የተሰበረ
የታሪክ ምሁር፣ ሌምቢት፣ ማያው ላይ እንዳቀረቀረ፣
ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ቆመ፤
ፕላስተር የታሰረ አውራ ጣት ጽሑፉ ላይ ተጋደመ።
አንድ ቁና አጃ ሰርቃ የተገረፈች ገረድ፣
ስሟ ከጣቱ ስር ነው፤ ፊደል የለም ለመፍረድ።

ደወለ። «እባክሽ ጣትሽን አንሺልኝ» ቢላት
በሳሉ አወቀችው፤ ሳቅ ባንዴ አመለጣት።

ወረደች፤ ከፈተች፤ መነጽሯን ወልውላ፣
ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ጠራቻት ጮክ ብላ፦
«ትሪኑ። አዎ፣ ትሪኑ። ጫፉ ትንሽ ተፍቋል፣
ግን እሷው ናት። ጻፋት። ሌላም ገጽ ተጣብቋል፤
ቆይ፣ ስልኩን አትዝጋው።»