የግራው ቫልቭ

ከትያትር ቤቱ ጉድጓድ፣ ከመድረኩ ሥር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ኮንትራባስ ስገትር
ማንም አላየኝም። ይህ ቅሬታ አይደለም፤
መሠረት የሚያይ ሰው ትብሊሲ ውስጥ የለም።

አንዲት ሸክላ አለችኝ፣ ያኔ የቀረጽናት፤
ቫዮሊኑ ሁሉ አለ፣ ዋሽንቱም አለባት፣
እኔ ግን የለሁም።
ከሥር ነህ ይሉኛል፤ አንድ ቀን አልሰማሁም።

የልጅ ልጄ ኬቶ፣ ለልደቴ ብላ
ማዳመጫ ገዛች፣ ከደሞዟ ከፍላ።
ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ጆሮ ላይ አይከብድም፤
ድምፁ ግን ከአንገት በታች አይወርድም፤
ትንኝ ነው፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ የታሰረ፣
ጨው አልባ ሾርባ፣ አፍ ላይ የቀረ።
«ግሩም ነው» አልኳትና ሳሎን ሰቀልኩት፤
ለእንግዳ ነው እንጂ እኔስ አልደገምኩት።

እኔ የምፈልገው
ደረት የሚገፋ፣ ወንበር የሚያናግር፣
ከወለል ተነስቶ ጉልበት ላይ የሚያድር፣
ማር ሲቀዳ ያለውን ያን ቀስ ያለ ክብደት፣
ያን ጎርናና ሙቀት።

ጎረቤቴ ጉራም፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣
ማጉያዬን ከፍቶ፣ «ቫልቮችህ ናቸው የተኙ» አለ፤
«አዲሱን አትግዛ፤ አዲስ ድምፅ ብርድ ነው፤
አሮጌ ፈልግ፣ ጥቁር ሳህን ያለው፣
ቶሎ የማይሞቅ፣
ከሞቀም የማይለቅ።»

እሑድ፣ ደረቁ ድልድይ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ከዛገ ሜዳልያና እጀታ ከሌለው አካፋ
አጠገብ ጺሳና የሟች ባሏን ቫልቮች
ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እያንዳንዱ በካልሲ፣ እንደ ሕፃን እግሮች።
«ሞቅ ያለ ድምፅ» አልኳት፣ «ወፍራም፣ ከሥር የሚወጣ።»
«ሁሉም ይህን ይላል፣ ወደዚህ የመጣ።»
አንድ ካልሲ ፈታች። ሁለት ናቸው።
«አንዱ ሞቷል፤ አልዋሽህም፤ ይበራል፣ አይናገርም፤
ግን ጥንድ ናቸው፣ ነጥዬ አልሸጥም።»
«የትኛው ነው?»
«የግራው። ባሌ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎበታል።»
ሳቄ መጣ፣ በዝናቡ መሃል፤
የግራ ጆሮዬም ከሞተ ስድስት ዓመት ይሆነዋል።

ዋጋ አልተከራከርኩም።
ልሄድ ስል ጎንበስ አለች፤ ከጠረጴዛው ሥር
የባሏን ማዳመጫ፣ ቆዳው የተላጠ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣
አወጣችልኝ፤ ምራቂም ምርቃትም ነበር።

ማታ ሰካኋቸው። መጀመሪያ ጭል አሉ፣
ከዚያ ብርቱካን ፍም ሆነው ተቀጣጠሉ፤
የሞተውም ጭምር፣ እንደ ጤነኛ፣
ቀላ ብሎ ቆመ፣ ከደህናው ጎን፣ ጓደኛ።
ያን ጡብ ራሴ ላይ ደፋሁ።
መርፌዋን አሳረፍኩ።

አለሁ!
ከቫዮሊኑ ሥር፣ ከመለከቱ ሥር አለሁ፣
እንደ ድብ በዋሻው እየተነፈስኩ አለሁ።
ጥርሴ ውስጥ ገባ፣ መንጋጋዬን ያዘው፣
በአጥንቴ ዞሮ ሄዶ የሞተውን ጆሮ ነካው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።
ግን ሸክላው ላይ በቀኝ እኔ ነኝ፣ በግራ ኦታር ነው፤
አንድ የኖታ ማስቀመጫ፣ ሁለት ሽማግሌ።
ኦታር የሞተ ጊዜ ተኳርፈን ነበር፤
«ትዘገያለህ» ስለው፣ በየልምምዱ፣ በሰው ፊት፣ ያለ ማፈር።

ቫልቮቹን አዘዋወርኩ፤ እንደጋሉ፤ ጣቴን ለበለበኝ።
ማዳመጫውን ገለበጥኩ፣ ግራውን ወደ ቀኝ፣
ከመጀመሪያው ደገምኩ።

ኦታር መጣ።
ከከበሮው ጋር እኩል፣ እንደ እግርና ጫማ።
መለስኩና ሰማሁ፣ ስህተቱን ልሰማ፤
ሦስት ጊዜ።
የለም።
እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ የቸኮልኩት፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት በሱ ያላከክኩት።

ማጉያውን አጠፋሁ። ጣቴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ።
ፍሙ ቀስ ብሎ ከሰለ።
መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ጧ ይላል፤
ትንሽ ቆይቶ፣ የሌላኛው፣ ጧ።
አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፤
የትኛው እንደሆነ አልቆጠርኩም።