የፍየሎቼ ገጽ

ፖኒየም ነኝ እኔ፣ የካሊሶጎ ሰው፣
በዋሪንጊን ግርጌ አመዱን የማርሰው።
ካሳቫ ተክዬ፣ ቅርንፉድ ለቅሜ፣
ሰባት ፍየል ነበር ሀብቴና ድካሜ።

ሰኞ ሌሊት ጮኸ የጣቢያው ጥሩምባ፣
ሕፃን ሽማግሌ ከመኪና ገባ።
"ለሰው ነው መኪናው፣ ለፍየል አይደለም"
ሲለኝ ረዳቱ፣ ክርክሩም የለም።
ያደፍጥ የነበር አንድ የከብት ነጋዴ፣
በሁለቱ ዋጋ ሰባቱን በአንዴ
ነዳቸው።

ዘጠኝ ቀን በዝናብ፣ ዘጠኝ ቀን በድንኳን፣
ተራራው ግን ዝም አለ፤ የለም፣ ጢስ እንኳን።
"ድሮስ!" አለ ስቆ አዋቂው ዊርዮ፣
"ከሕልሜ ሊበልጥ ነው የነሱ ራዲዮ?"

ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከትልቁ ከተማ፣
መግለጫ መጣልን፣ በማኅተም የደማ፤
"የታቀደ ልምምድ ነበረ" ይላል ጽሑፉ፣
"ተሳታፊዎቹም ፈተናውን አለፉ።"
አለፉ፣ እውነት ነው።
ፍየሎቼ አለፉ።

ንዴቴን አዝዬ ወጣሁ ወደ ጣቢያ፤
ከቆርቆሮው በታች አልጋና ማብሰያ፣
ከበሮ ላይ ወረቀት ይዞራል በቀስታ፣
መርፌዋ ትጭራለች ጥቁሩን ትርታ።
ሱጊያርቶ ይባላል ጠባቂው ሰውዬ፤
"ፍየሎቼስ?" አልኩት በሩ ላይ ድቅን ብዬ።
አልተቆጣም እሱ፣ አልሸሸም፣ አልካደ፣
ከመደርደሪያው ላይ መዝገብ አወረደ።
ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጣቱን እያስኬደ አነበበልኝ፦

"ሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።
መርፌዋ አርባ ደቂቃ ከልክ በላይ ዘለለች።
ሊፈነዳ ነው ብዬ ፈረድኩ። ጥሩምባውን ነፋሁ።
ተሳሳትኩ።
ከሥር የተላወሰው እሳት ሳይሆን ውሃ ይመስለኛል፤
እርግጠኛ አይደለሁም።
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ከቤቱ ወጥቷል።
ከብት በርካሽ ተሸጧል፤ ቁጥሩን አላውቅም።"
ከታች ፊርማው አለ።

"ሰባት ብለህ ጻፍ" አልኩት።
ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

"ያን ገጽ ቅደደው" ብለው ከከተማ እንደደወሉለት
የሰማሁት ኋላ ነው።
"ገጹ ቁጥር አለው" አላቸው አሉ፣
"ብቀደው ጎረቤቱ ያሳብቅብኛል።"

አዋቂው ዊርዮ ስንት ጊዜ ሳተ?
ስሕተቱን ከየትኛው መዝገብ ውስጥ ከተተ?
ያ ባለማኅተሙስ ከሱ በምን ተሻለ፣
ውድቀቱን በመግለጫ ቀባብቶ ከደለለ?
እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤
እያደር ይጠራ ዘንድ አንድ ሰው ነቅቶ ያድራል።

ፍየሎቼ ግን አልመጡም። ይህንንም ልብ በሉ።
ገጹን ብታለቡት ወተት አይወጣውም።
ልጄ ያን ክረምት ትምህርት ቤት አልሄደችም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሐሙስ ሊነጋጋ፣
ጥሩምባው ደገመው፤ ማንም አልተንጋጋ።
ዊርዮ ሳቀ። ጎረቤቴ ሲጋራውን ለኮሰ።
እኔ ደጄ ላይ ቆምኩ፣ ልቤ ሁለት ሆኖ።
ይሳሳት ይሆናል፣ አልኩ፤ ሰው ነውና።
ሲሳሳት ግን ይጽፋል።

ዛሬ አንዲት ፍየል አለችኝ።
ገመዷን ፈትቼ በጭቃው ጎተትኳት፤
አራት እግሯን ተክላ አልሄድም አለች፣
እሷም እንደ መንደሩ።

አውራ መንገድ ስንደርስ፣ ከመኪናው ኋላ
አንድ ተጎታች አየሁ፣ በቀርከሃ የታጠረ፣
ወለሉ ላይ ሣር የተነጠፈበት።
ማን እንዳዘዘው አልጠየቅኩም።
ፍየሏ ሣሩን አሸተተች፤
ከኔ ቀድማ ገባች።